እንጀራ በምታህል ቦታ ላይ ባቡር፦ ጥቃቅን ሞዴል ባቡሮች እንዴት ይሠራሉ?

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ለአክስቴ «ባቡር እየሠራሁ ነው» አልኋቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ ፊታቸው በራ። «ተባረክ ልጄ! እንግዲህ ጤፉን እዚሁ እናስፈጫለን» አሉኝ።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። በኛ ሰፈር ትልልቅ ሰዎች አፍ «ባቡር» መጀመሪያ ወፍጮ ነው። «ባቡር ቤት ሄዳለች» ከተባለ ልታስፈጭ ሄዳለች እንጂ ድሬዳዋ ልትወርድ አይደለም። ቃሉ ከጣሊያኖቹ «ቫፖሬ» የመጣ ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። መርከቡም፣ ወፍጮውም፣ በሐዲድ የሚሄደውም ስሙን ተካፈሉት። ጎንደር በሐዲድ የሚሄደው ስላልደረሳት የወፍጮውን ይዛ ቆየች።

«ኧረ እትዬ፣ የሚሄደውን ነው። ይቺን የምታህል» ብዬ አውራ ጣቴን አሳየኋቸው። ጣቴን አዩ፣ እኔን አዩ። «እና ማን ሊሳፈርባት ነው?»

እውነትም ማን ሊሳፈርባት ነው? በቲክቶክ አይታችሁ ይሆናል። ሻንጣ ይከፈታል፤ ውስጡ ተራራ፣ ዋሻ፣ ጣቢያ አለ፤ ከጣት የማትበልጥ ባቡር ትዞራለች። ከሥር «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» እያሉ የሚከራከሩ አይጠፉም። አይደለም፤ የሰው እጅ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

መጫወቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መጫወቻ ባቡር ባቡር ከመሰለ ይበቃዋል። ጎማው ከበሩ ቢበልጥ፣ ሾፌሩ ከጣሪያው ቢረዝም ልጁ ግድ የለውም። ሞዴል ባቡር ግን በሒሳብ ይያዛል። በሩም፣ ጎማውም፣ መስኮቱም፣ አጠገቡ የቆመው ሰውም በአንድ ቁጥር ተካፍለው ያንሳሉ። ቁጥሩ ስኬል ይባላል። 1 ለ160 ከተባለ በውኑ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር 1 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የቤት ፕላን አሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ዛፉና ሰዉ የሚተከሉበት ጣውላ አለ። ፈረንጆቹ ሌይአውት ይሉታል። እኔ ገበታ እለዋለሁ። ከዚህ በኋላ ገበታ ስል ምሳ አትጠብቁ።

ገበታው የፈለጉትን ያህል ሊሰፋ ይችላል። ሀምቡርግ፣ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሐዲዱ ርዝመት ቢደመር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኛ ወሬ ግን የሌላኛው ጫፍ ነው። ካርል አረንት የሚባል አሜሪካዊ ጥቃቅን ገበታዎችን በማስተዋወቅ ይታወቅ ነበር። እሱ ጥቃቅን የሚላቸው በተለምዶ ከ4 ስኩዌር ጫማ የማይበልጡትን ነው። ወደኛ ሲመጣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አንድ መሶብ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው።

ስኬልና የሐዲድ ስፋት አንድ ናቸው?

ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ነው። ስኬል «ስንት ጊዜ አነሰ?» ለሚለው መልስ ነው። ጌጅ ደግሞ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት ነው። ስኬል የሰውየው ቁመት፣ ጌጅ የጫማው ቁጥር ብላችሁ ያዙት። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የተለያየ ጫማ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ምሳሌው ከቤታችን አለ። የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 ገባ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዓለም መደበኛ የሚባለው።

አሁን ሁለቱንም በ160 አካፍሉ። አዲሱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የድሮው 6 ከሩብ። ስለዚህ በዚያው ስኬል ሁለቱን መሥመሮች ልሥራ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ሐዲድ ያስፈልገዋል። 6 ከሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ሐዲድ በገበያ የለም፤ 6 ተኩል ግን አለ። ለሌላ፣ ለሚያንስ ስኬል የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ከዚያ ይዋሱታል። የትንሽ ወንድሙን ጫማ አደረገ በሉት።

ስንት ዓይነት መጠን አለ?

በእንጀራ እንለካው። የቤት እንጀራ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው እንበል።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ኤች ኦ ይባላል፤ 1 ለ87 ነው። ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያምራል፣ ለእጅም ይመቻል። ግን ባቡሩ ዞሮ እንዲመጣ ከተፈለገ የተለመደው ትንሹ ክብ 72 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። ከእንጀራው ይወጣል።

ቀጥሎ ኤን አለ። ስሙ የመጣው ከዘጠኝ ነው፤ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ። ዘጠኝ በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም በዚያው ፊደል ይጀምራል። በአውሮፓና በአሜሪካ 1 ለ160 ሲሆን ጃፓኖች ብዙውን 1 ለ150፣ እንግሊዞች 1 ለ148 ያደርጉታል። ሰው 1 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው። ክቡ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚበቃው እንጀራው ላይ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ ለወጡም ቦታ ይተርፋል። እኔ የምሠራው በዚህ ነው።

ከዚያ ዜድ መጣ። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ነው። 1 ለ220፣ ሐዲዱ 6 ተኩል ሚሊ ሜትር። ቅድም ተዋስነው ያልኋችሁ ይሄ ነው። ዜድ የላቲን ፊደል መጨረሻ ነው። ከዚህ በታች ማንም አይወርድም የሚል ድፍረት ያለበት ስም ነው ይባላል። ትንሹ ክብ 29 ሴንቲ ሜትር፣ የእንጀራው ግማሽ ነው።

ጃፓኖች ግን ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ቲ የተባለው ታየ። 1 ለ450! ሐዲዱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ሜትር የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ 4 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰው 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ክቡ 24 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ የምግብ ሳህን።

ታዲያ በቲ ብንሠራው መላውን መሥመር ቤት ውስጥ ማስገባት አይቻልም? ሞክሩት። የድሮው የጅቡቲ መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ450 ሲካፈል 1 ኪሎ ሜትር ከ740 ሜትር ይሆናል። ከፋሲል ግቢ በር ሐዲድ መዘርጋት ብትጀምሩ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ልትደርሱ ምንም አይቀራችሁም። ያውም በዓለም ትንሹ በሚባለው መጠን። ስለዚህ ርቀትን ማንም አያሳንሰውም። ይቆርጠዋል። ከመላው አገር አንዲት ጣቢያ፣ ከጣቢያዋም አንድ ጥግ ይመረጣል።

ትንሽ ከሆነ ቀላል አይደለም እንዴ?

ኧረ በጭራሽ! ባቡሩን ታሳንሳላችሁ፣ ጣቢያውን ታሳንሳላችሁ፤ አብሮ አልቀንስም የሚል ነገር ግን አለ። አቧራ አይቀንስም። የሰው ጣት አይቀንስም። ሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይቀንሳል። ክብደት እንዲያ ነው።

ድፎ ዳቦ አስቡ። በርዝመትም፣ በወርድም፣ በውፍረትም ግማሽ የሆነ ሌላ ድፎ ጋግሩ። ክብደቱ ግማሽ ይሆናል? አይሆንም። ስምንተኛ ነው፤ ሦስት ጊዜ ነዋ በሁለት የተካፈለው። ባቡር ላይም እንደዚያው ነው። አንድ 80 ቶን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ራስ፣ በኤን ሲሆን ሦስት ጊዜ በ160 ይካፈላል። 20 ግራም ገደማ ይቀራል። በዜድ 7 ግራም ተኩል። በቲ 1 ግራም አይሞላም። አንድ ቁንጥር ስኳር ማለት ነው።

ክብደት ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ጎማው ሐዲዱን ካልተጫነው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ባቡሩ ቆሞ ይቀራል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ባቡሮች ውስጣቸው ባትሪ የለም። መብራቱ የሚመጣው በሐዲዱ ነው። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ የብረት ጎማዎቹ ከሁለቱም እየለቀሙ ለሞተሩ ያደርሳሉ። ሁለቱን ሽቦ ብታገላብጡ ባቡሩ ወደኋላ ይሄዳል። ኃይሉን ከፍና ዝቅ ስታደርጉ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። አሠራሩ ይኸው ነው። ግን ጎማው ሐዲዱን በደንብ ካልነካ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ሠሪዎቹ ታዲያ የሎኮሞቲቩን ሆድ በብረት ይሞሉታል። በቲ መጠን ለመሙላትም ቦታ የለም። ስለዚህ ጎማዎቹን ማግኔት አደረጓቸው፣ ሐዲዱን ማግኔት የሚስበው ብረት። ክብደት ያጣውን በመሳብ ካሱት። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት። ብልጠት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ አቧራው። የጎንደርን የየካቲት አቧራ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የምታህል ብናኝ ዓይናችሁ በጭንቅ ነው የሚያያት። በኤን ስኬል ግን ሐዲድ ላይ እንደተኛች የ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጠጠር ናት። በቲ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል። አቧራ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይቆማል። በጣት ገፋ ይደረጋል። የጣት ቅባት ደግሞ ሌላ ቆሻሻ ጥሎ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል፣ ክር የማይጥል ጨርቅ፣ ትዕግሥት። መብራቱ ይጠፋል፣ ሐዲዱ ይጠረጋል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ አልኮል እሳት ይወዳልና። ለእጅ የሚቀባው ጄል ግን አይሆንም። ቆዳ እንዲያለሰልስ የተጨመረበት ነገር ሐዲዱ ላይ ይቀራል። አረቄ አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ አለ። አይሆንም። ውሃው ይበዛል። ደግሞ ያሳዝናል።

በጤፍ የተሳሳትኩትስ?

ይህን ካልነገርኋችሁ ታማኝ አልሆንም። ሐዲድ ሥር ጠጠር ይፈሳል። ባቡሩ ሲያልፍ ክብደቱን ወደ መሬት ያከፋፍላል፣ የዝናብ ውሃ ያሳልፋል። በሞዴል ላይም ጠጠሩ ካልተደረገ ሐዲዱ ወለል ላይ የወደቀ መሰላል ይመስላል።

ጠጠሩን ከውጭ ከማስመጣ ጤፍ አለልኝ አልኩ። ከጤፍ የሚያንስ ምን አለ? ቀይ ጤፍ በኮላ ለጥፌ፣ ግራጫ ቀብቼ፣ ራቅ ብዬ አየሁት። አንድ ነገር ልክ አልመጣም። ሐዲዱ በቋጥኝ መሃል የሚያልፍ መሰለ።

ከዚያ አስሊ ይዤ ቁጭ አልኩ። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በ160 ሲባዛ 16 ሴንቲ ሜትር! የውነተኛው የሐዲድ ጠጠር ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በቲ ስኬል ቢሆን ደግሞ ያቺ ጤፍ 45 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ትሆን ነበር። ዓይን ሒሳቡን ባያውቅም ስሕተቱን ያውቃል። በማግስቱ ደግሞ አይጥ መጣችና የተረፈውን ጨረሰችልኝ። አሁን የምጠቀመው አሸዋ ነው። ዱቄት በሚነፋበት ደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ፣ ያለፈው ብቻ።

ሁለተኛው ትምህርቴ በባጃጅ ነው። ገበታዬን በሁለት ቁራጭ ነው የሠራሁት፤ እንዲጓጓዝ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ይዤው ስመጣ ኮብልስቶኑ ላይ ተንገጫገጨ። ሁለቱን ስገጥማቸው የአንዱ ሐዲድ ከሌላው በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። 1 ሚሊ ሜትር ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። በጤፏ ለክተነዋል፦ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። በውኑ ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለ ደረጃ ቢገኝ ዜና ይሆን ነበር። የኔም ባቡር በዚያው ቦታ ሰባት ጊዜ ወደቀች። አሁን በሁለቱ ጫፍ ላይ የበር ማጠፊያ አለ። ማጠፊያው በትክክል ያገናኛቸዋል፤ ለመለያየት ፒኑን መትቶ መንቀል ነው።

በዚች ቦታ ላይ ባቡሩ የት ይሄዳል?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መዞር ነው። ክብ ሐዲድ፣ መሃሉ ላይ ተራራ ወይም ሰፈር። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ፒዛ ይሉታል። እኛ ምጣድ ብንለው ያምርበታል። ለማየት ደስ ይላል። ግን ሦስት ዙር ካያችሁ በኋላ አራተኛው ያው ነው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። እኔ ለዚህ እሰግዳለሁ። አለን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ የሠራው ኢንግልኑክ የሚባል አቀማመጥ አለ። ሦስት የማቆሚያ ሐዲዶች በሁለት መገንጠያ ይገናኛሉ። አንዱ 5 ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ 3፣ 3። ሎኮሞቲቩ የሚገፋፋበት አጭር ሐዲድም አለ፤ ራሱንና 3 ፉርጎ ብቻ ይይዛል። ገበታው ላይ ያሉት 8 ፉርጎዎች ናቸው። ሥራው ከስምንቱ አምስቱን በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል ደርድሮ ባቡር ማዘጋጀት ነው።

ቀላል ይመስላል። የቆርኪ ክዳን ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር እጽፋለሁ፣ ኮፍያ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ልጅ አምስት ያወጣል። 6፣ 2፣ 8፣ 1፣ 5 ወጣ እንበል። ስድስት ከኋላ ተቀብሯል። እሱን ለማውጣት ሦስት ማውጣት አለባችሁ። ሦስቱን የት ታስቀምጣላችሁ? እዚያኛው ሞልቷል። ሚኒባስ ተራ ውስጥ ከኋላ የቆመ መኪና ለማስወጣት ሰው እንዴት እንደሚጯጯህ አይታችኋል? ያው ነው፤ ጩኸቱ የለም እንጂ። ሊወጣ የሚችለው ቅደም ተከተል 6,720 ነው። ይህ ሁሉ በኤን ስኬል ከ1 ሜትር ባነሰ ጣውላ ላይ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበታው ሁሉ ለዓይን የተገለጠ መሆን የለበትም። ባቡር ከየትም መጥቶ ወደየትም መሄድ አለበት። ለዚህ ከጀርባ የተሸሸገ ቦታ ይሠራል፤ ባቡሮቹ እዚያ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ይህን ለማስረዳት ጓዳን የሚያህል ነገር አላገኘሁም። እንግዳው ሳሎን ነው። ወጡ ከጓዳ ይመጣል፣ ሳህኑ ወደ ጓዳ ይመለሳል። እንግዳው ጓዳውን አያይም፤ ግን ያለ ጓዳ ግብዣ የለም። ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው መጋረጃ ድልድይ፣ ዋሻ ወይም ግድግዳ ይሆናል። የኔ መጋረጃ የግንብ አጥር ነው።

ፋሲል ግንብ ይገባል?

ገበታዬ ላይ ያለችው ኖራ የማታውቅ የጎንደር ጣቢያ ናት። እንዲህ ያለውን ፈጠራ የዚህ ሥራ ሰዎች ይፈቅዱታል፤ ልኩ እስከተጠበቀ ድረስ። ለጣቢያው ሕንፃ ብዙ አላሰብኩም። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች አንዱ ተገልብጦ ቢቀመጥ ማንም «ይሄማ ጣቢያ አይደለም» አይልም።

ችግሩ ግንቡ ነው። ጎንደር ብሎ ያለ ግንብ አይሆንም። የፋሲል ግንብ ቁመት 32 ሜትር ገደማ ነው። በኤን 20 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ገበታዬ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግንቡ ከቆመ ባቡሯ አትታይም።

መፍትሔው ዓይንን ማታለል ነው። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታዩ ግንቡ በጣታችሁ ይሸፈናል። ግንቡ አላነሰም፤ ራቀ እንጂ። ዓይን የሚያንሰውን ነገር ራቀ ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ባቡሯን በ1 ለ160 ከፊት አደርጋለሁ፣ ግንቡን በ1 ለ450 ከኋላ። 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዛፎቹም ወደኋላ በሄዱ ቁጥር እያነሱ፣ ቀለማቸው እየደበዘዘ ይሄዳል። 30 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይመስላል። ግንቡን በካርቶን ነው የሠራሁት። ከፎቶ አሳትሜ ለጥፌ፣ ማማዎቹን ደግሞ በእስክሪብቶ ቀፎ። ከጎን ስታዩት ሚስጥሩ ይጋለጣል። ስለዚህ በጎን አላሳይም።

ለሰው ሲታይስ?

በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በጃፓን እንዲህ ያሉ ገበታዎች በትርዒት ይቀርባሉ። አዳራሽ ይያዛል፣ ሠሪዎቹ ገበታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሰው እየዞረ ያያል። እኔ በአንድ ቡና ቤት ጥግ ላይ፣ በአንድ ጠረጴዛ ነው ያሳየሁት። ሕጉ ግን ያው ነው።

አንደኛ ከፍታ። ገበታው ጉልበት ላይ ከተቀመጠ ተመልካቹ ከሰማይ ነው የሚያየው። ጣሪያ ብቻ ያያል። ወደ ዓይን ሲጠጋ ጣቢያው ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። ለአዋቂ ደረት ድረስ ማንሳት ጥሩ ነው። ልጆች ግን አይደርሱም፤ ስለዚህ የቢራ ሳጥን ገልብጣችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛ ክፈፍ። ከላይ፣ ከግራና ከቀኝ በጥቁር ካርቶን ይሸፈናል፤ እንደ ትያትር መድረክ። መብራቱ ከላይ ከፊት ይደበቃል። የቡና ቤቱ ግድግዳ፣ የኮካ ኮላው ፍሪጅ ሁሉ ከዓይን ይጠፋል።

ሦስተኛ ፍጥነት። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ባቡር በኤን ስኬል በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። ሰው መቆጣጠሪያው እጁ ሲገባ ግን ያበርራል። ያን ጊዜ ሞዴልነቱ ቀርቶ መጫወቻ ይሆናል። ቀስ! ባቡር ክብሩ ቀስ ማለቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማየቱ ነው። የ1 ሴንቲ ሜትር ሰው ከሁለት ሜትር ርቀት አይታይም። ትልቅ ገበታ ሃያ ሰው ባንድ ጊዜ ያየዋል፤ ትንሽ ገበታ ሁለት ወይም ሦስት ነው። ሌላው ትከሻ ያያል። እኔ የስልክ ካሜራ ከፊት ተክዬ ቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ለቀቅኩት። ባቡሯ በቴሌቪዥን ስትመጣ የውነት መሰለች። ኳስ ሊያዩ የመጡት ቅር አላቸው፤ ግን አዩ።

መብራት ሄደ። መሄዱ አይቀርም፤ ተዘጋጅቼ ነበር። የኤን ባቡር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ የምትወስደውም ከግማሽ አምፔር በታች። አንድ የሞተር ሳይክል ባትሪ ቀኑን ሙሉ ያሠራታል። ፊውዝ ማስገባት ግን አትርሱ። ሐዲድ ላይ የወደቀ ወረንጦ ሁለቱን መሥመር ካገናኘ ባትሪው ሽቦውን ያቃጥለዋል። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ፍሪጁ ዝም አለ፣ ባቡሯ ግን ትሄድ ነበር። ቤቱ በሙሉ ወደ ጥጉ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ዕቃው ከየት ይገኛል?

ሐዲዱንና ሎኮሞቲቩን እዚህ የሚሸጥ አላየሁም። ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ጥቃቅን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሙሉው ባቡር ካልሲ ውስጥ ይገባል። የቀረው ሁሉ ሰፈር ውስጥ አለ። ኮምፔርሳቶ ከእንጨት ቤት፣ ነጭ ፎም ከቴሌቪዥን ካርቶን፣ ኮላ፣ ወረንጦ፣ የጥርስ እንጨት። የሐዲዱ ብረት ኒኬል ሲልቨር ይባላል። ሲልቨር ቢባልም ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው። ወርቅ ቤት ወስዶ ያስፈተሸ ወዳጅ ስላለኝ ነው የምነግራችሁ።

ሰዎቹስ?

ባለፈው አክስቴ ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን አቀረብኩላቸው። ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ቁማለች። አንድ ሴንቲ ሜትር ናት።

«ነጠላ የላትም» አሉ።

ከፋብሪካ በካፖርት የመጣች ጀርመናዊት ናት። የጥርስ እንጨት ጫፍ ነጭ ቀለም ነክሬ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ አወረድኩላት። ትንፋሼን ይዤ። አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መንገደኛ ነው የምታስተናግድ?»

«አዎ፣ ባቡር እስኪመጣ»

«ቡናዋስ?»

አሰብኩ። የቤታችን ጀበና ቁመቷ ከ16 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ናት። በ160 ስትካፈል አንድ ሚሊ ሜትር ናት፤ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ትላለች። ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። አንድ ፍሬ ጤፍ አመጣሁ። ጥቁር ቀለም ቀባሁት፣ በወረንጦ ይዤ በቅንጣት ኮላ ሴትዮዋ እግር ሥር አቆምኩት። ጠጠር መሆን ያቃተው ጤፍ ለጀበና ልክ ሆነ።

አክስቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ረከቦቱስ?» አሉ።